ከተሳሳቱት መልሶች አንዱ

መስከረም 18 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለቀጭኔ፤

ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኛ ጋ ሁሉም በየቦታው አለ። ጉልበቴ ያመኛል፤ ምላሴ ግን ምስጋና ለፈጣሪ ደህና ነው። እትዬሽ ጉንጯን ሳምልኝ ብላለች። ባለሽበት ክፉ አይንካሽ።

"ምነው ስልክ አልደወሉም?" እንዳትይኝ። በስልክ ቀልዱ ይቀድመኝና ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ እዘጋዋለሁ። ቁም ነገር የሚወጣኝ ስጽፍ ነው።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ባለፈው ሰሞን አዲሱ የሐኪም ቤታችን ሥራ አስኪያጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ሰዎች ሰበሰበን። ሰዎች ስልሽ ሦስት ነን፤ አንዱ እኔ፣ አንዱ ልጅ እግሩ፣ አንዱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ያለው። "ከሦስት ዓመት በላይ የቆየ የሶፍትዌር ሰርተፊኬት ከእንግዲህ አይሠራም። እስከ ጥር መጨረሻ እንደገና ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ሲስተሙን አይነካም" አለን። እጄን አወጣሁና "ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር እዚህ ቤት ያስገባው ማን ሆነና?" ብዬ ጠየቅሁ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሰርተፊኬትዎ ስንት ዓመቱ ነው?" አይለኝ መሰለሽ! የኔ ሰርተፊኬት እኮ እሱ ሱሪ መታጠቅ ሳይጀምር የተሰጠኝ ነው።

እስቲ አንቺው ፍረጂ። እኔን ላብራቶሪው በየቀኑ ይፈትነኛል። ማዋለጃው ይፈትነኛል። "ሲስተም የለም" ተብሎ ኮሪደሩ በሰው ሲሞላ ማን ነው የሚጠራው? ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው። ካላለፍኩ ፓስዎርዴን ነጥቀው ዕቃ ግምጃ ቤት ሊያስቀምጡኝ ነው። ደሞዝዎ አይነካም ይላሉ። ደሞዙን ማን አነሳባቸው? እኔ የፈራሁት ጠዋት ተነስቼ የምሄድበትን ነው።

አንቺ እዚያ ውጭ አገር ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ዘንድ ነው የምትሠሪውና ምን ላንብብ? እሱን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ

ጥቅምት 7 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፣ ለጋሼ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስልኝ። ጉልበትዎን የምላስዎን ያህል ያጠንክርልኝ፣ እትዬንም ሳል እንዳይነካቸው ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል፤ ክፍሌ ግን ይሞቃል።

መጽሐፉን ለብቻው ልኬዋለሁ። ወፍራም ነው ብለው እንዳይተዉት።

ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ፈተናው መኖሩን እደግፋለሁ። እዚህ አንድ ሐኪም ቤት ውስጥ ብዙ የሠራ፣ ሁሉም የሚወደው ሰው ነበር። በአሮጌው ሶፍትዌር ልክ የነበረውን ነገር በአዲሱም ላይ አደረገውና መድኃኒት ቤቱ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ሰነፍ ስለነበረ አይደለም። እጁ ሥራውን ስለሚያውቅ ዓይኑ ማየት ትቶ ነበር።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ዛሬ ልንገርዎት። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን። ስልካችንን በር ላይ ሣጥን ውስጥ ከተን ነው የምንገባው። ጥያቄ መጻፍ ቀላል ነው፤ ትክክለኛውን መልስ መጻፍም ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የተሳሳቱትን መልሶች መጻፍ ነው። ማንም የማይመርጠው ስህተት ጥቅም የለውም፤ እውነት መምሰል አለበት። ስለዚህ አለቃችን ሁልጊዜ "ሰው አስቡ" ትለናለች። "ሥራው ላይ የኖረ፣ ልማድ ያለው፣ እውነተኛ ሰው አስቡ። እሱ ምን ያደርግ ነበር?" እኔ በዚህ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል።

ፈተናው ውስጥ ምን እንዳለ ግን እንዳይጠይቁኝ፤ ፈርሜያለሁ። ደግሞ እርስዎ አይወድቁም።

እግረ መንገዴን ልጠይቅዎት፤ ሲስተሙን ከማጥፋትዎ በፊት አሁንም ለየክፍሉ ይደውላሉ?

የእህትዎ ልጅ

ኅዳር 12 ቀን

ለተወደድሽው ለቀጭኔ፤

እንደምን ከረምሽ? ብርዱ አጥንትሽ ውስጥ እንዳይገባ ካልሲ ደርቢ። እኛ እንደሚሆነው ሆነን አለን።

መጀመሪያ ለጥያቄሽ መልስ ልስጥ። እደውላለሁ እንጂ! ምን ማለትሽ ነው? ሲስተሙ ሲቆም፣ አጥፍቼ ከማስነሳቴ በፊት፣ ለላብራቶሪ፣ ለድንገተኛ ክፍል፣ ለማዋለጃ፣ ለመድኃኒት ቤት እደውላለሁ። "ልዘጋው ነው፣ የተንጠለጠለ ነገር አላችሁ?" እላለሁ። አንቺው ራስሽ ትምህርት ሲዘጋ እየመጣሽ፣ ከወንበሬ ኋላ ቆመሽ አንገትሽን እያሰገግሽ ስታዪ አይደል ቀጭኔ ያልኩሽ? ምክንያቱንም ያኔ ነግሬሻለሁ። በአሮጌው ሶፍትዌር ነርሷ እየጻፈች ያለችው ነገር እኔ ሳጠፋው አብሮ ይጠፋ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ሙሉ ጠዋት የደም ምርመራ ውጤት እንዲሁ ጠፍቶ፣ በሽተኞቹ እንደገና ሲወጉ ዋሉ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም አልኩ።

አሁን ወደ ፈተናው። በር ላይ ያለችው ልጅ ኪሴን አስገለበጠችኝ፣ መነጽሬን አገላብጣ አየች፣ እጅጌዬን አስጠቀለለችኝ። "የሐኪም ቤት ሰው ነኝ፣ ክንድ መስጠት አይቸግረኝም" ብላት ፈገግ እንኳ አላለችም። ያየሁትን ለማንም እንዳልናገር አስፈረመችኝ። ግድግዳው ላይ ካሜራ አለ፣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ጢም እንኳ አላበቀለም። እኔ አንዱን ጥያቄ ደግሜ ሳነብ እሱ ጨርሶ ወጣ።

ወደቅሁ ቀጭኔ። በትንሽ ነው የወደቅሁት።

የተጠየቅሁትን አልነግርሽም፤ የኔም ፊርማ ፊርማ ነው። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የውጤቱ ወረቀት የጣለኝን ክፍል ይናገራል። የጣለኝ "ሲስተም ሲቆም ምን ይደረጋል" የሚለው ነው። ከሁሉ የምችለው! እዚያ ክፍል ላይ እኮ ገና ጥያቄውን ሳነብ መልሴ ተጽፎ ይጠብቀኝ ነበር፤ ያውም በኔው አነጋገር። "ለካ እነዚህ ሰዎች ሥራውን ያውቁታል!" እያልኩ፣ ደስ እያለኝ ነበር ጠቅ የማደርገው። ቤቴ የገባሁ ነበር የመሰለኝ። ታዲያ ደስ ብሎኝ የመለስኩት ሁሉ እንዴት ስህተት ይሆናል?

ለጥር መጨረሻ አንድ ዕድል ቀርቶኛል። እስከዚያ ፓስዎርዴን ወስደውታል። ለመሆኑ መልስ ሲታረም ሰው ያየዋል ወይስ ማሽን ብቻ ነው? ሰው ካለ፣ ለምን እንደዚያ እንደመለስኩ ማስረዳት እችል ነበር።

አጎትሽ

ልጄ፣ እኔ ነኝ እትዬሽ። ፖስታውን ሳይዘጋው በር ላይ ሰው ጠርቶት ወጥቷል። እየሳቀ ስለጻፈልሽ አትመኚው። ምግብ አይበላልኝም። ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚውለው፤ ጠዋት ጠዋት ግን እንደ ድሮው ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሚሄደው። አንቺ እዚያው ቤት አይደለሽ? አንድ ቃል ተናገሪለት። አንድ ቃል ምን ይከብዳል?

ታኅሣሥ 24 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤ ለእትዬም፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ደብዳቤያችሁ ከደረሰኝ ሰነባብቷል። መልሱን ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይቅር በሉኝ።

እትዬ፣ እጄ የታሰረ ነው። እዚህ ቤት ጥያቄውም ተፈታኙም በቁጥር ነው የሚታወቀው። ለዘመዴ አንድ ቃል ብተነፍስ እኔ መባረሬ ብቻ አይደለም፤ የጋሼም ውጤት እስከ መጨረሻው ይሰረዛል። ዝም ማለቴን እንደ ክፋት አይዩብኝ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ የሚያርመው ማሽን ነው። የሚያስረዱት ሰው የለም።

በስብሰባ ላይ ግን አንድ ነገር ከፈተናው እንዲወጣ ጠይቄ ነበር። ምን እንደሆነ አልጽፍም። አለቃችን ስንት ሰው እንዳገኘው፣ ስንቱ እንደሳተው ከፍታ አየችና "ይኼማ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው" አለች። "አዲሱን ያነበቡት ያገኙታል፣ በልማድ የሚሠሩት ይስቱታል። የተሠራውስ ለዚህ አይደል እንዴ?" ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛው ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ቆየሁ።

የላክሁልዎትን መጽሐፍ አራተኛውን ምዕራፍ እባክዎን ያንብቡ። አዲሱ ሶፍትዌር እያንዳንዱን ፊደል እንደተጻፈ ራሱ ያስቀምጣል። ማሽኑ ቢጠፋም ጽሑፉ አይጠፋም። በሽተኛ የሚያስጠብቀው፣ ሲደወል የሚያልፈው ጊዜ ነው። ይህ ለማንም የሚሸጥ መጽሐፍ ላይ ያለ ነውና ብነግርዎት ነውር የለውም። እንደ መጽሐፉ ይመልሱ ጋሼ። እንደ ራስዎ አይመልሱ።

የእህትዎ ልጅ

ጥር 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሳቅሁ ነው ያልሽኝ?

ይህን የምጽፍልሽ በተሰበረ ስክሪንና በአሮጌ ኪቦርድ መሀል ተቀምጬ ነው። መስኮቱ ወደ ጄነሬተሩ ነው የሚከፈተው። ልጅ እግሩ እየመጣ "ጋሼ፣ የላብራቶሪው መስመር የት ጋ ነው የሚገባው?" ይለኛል። በአፌ እነግረዋለሁ፤ መንካት ክልክል ነው። አንዳንዴ አልገባው ሲል እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጨብጬ እይዘዋለሁ። ትናንት ሲስተሙ ቆሞ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲንጫጫ ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር። ተነስቼ ዘጋሁትና ተቀመጥኩ።

ምዕራፍ አራትን አነበብኩት። ማንበብ ብቻም አይደል፣ አላመንኩምና ፈተሽኩት። ልጅ እግሩ በተለየ ማሽን ላይ ሲጽፍ፣ ገና እጁን ሳያነሳ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለን አየነው። ሲነሳ አንዲት ፊደል ሳትጎድል ቁጭ ብላ አገኘናት። እውነት ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ከገባ ጀምሮ የደወልኩት ሁሉ በከንቱ ነው። ስንት ሰው አስጠብቄ ይሆን?

አሁን ስሚኝ። አንቺ ይህን ታውቂ ነበር። እንደምደውልም ታውቂያለሽ። ለፈተናው ከመንገርሽ በፊት ለኔ ለምን አልነገርሽኝም? አንድ መስመር አይበቃም ነበር? "ጋሼ፣ አሁን መደወሉ አያስፈልግም" ማለት አቅቶሽ ነው?

ሌላም አንድ አለኝ። ያቺ አለቃሽ "ሰው አስቡ" ትላለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አንቺ የምታስቢው ማንን ነው? ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ከማለቴ በፊት ካንቺው አፍ ልስማው። እትዬሽ ይህን መጻፌን አታውቅም። ለእናትሽም አልነግርም፤ ሆድ ይፍጀው።

አጎትሽ

ጥር 14 ቀን

ጋሼ፤

ደብዳቤዎን በእጄ እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። በረከቱንም ሰላምታውንም ዛሬ ከየት ላምጣው? እርስዎ ደህና ይሁኑልኝ ብቻ።

እርስዎን ነው የማስበው።

ሌላ ሰው አላውቅም እኮ። ሥራውን ሲሠራ በዓይኔ ያየሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ከዚያ በኋላ ያየሁት መጽሐፍና ስብሰባ ነው። "ልማድ ያለው ሰው ምን ያደርጋል?" ብላ አለቃችን ስትጠይቀን የርስዎ እጅ ወደ ስልኩ ሲሄድ ይታየኛል፣ "የተንጠለጠለ ነገር አላችሁ?" ሲሉ ይሰማኛል። እሱን እጽፈዋለሁ። ያን ቀን ያነበቡት ሁሉ "ይኼስ እንዴት እውነት ይመስላል!" አሉኝ። ኮራሁ፤ በርስዎ ነበር የኮራሁት። ስህተት ብዬ የጻፍኩት እርስዎን መሆኑ ያኔ አልታየኝም ብልዎት ያምኑኛል? እኔም ራሴ አላምንም።

ለምን አልነገርኩዎትም? ብዙ ሌሊት ጠይቄዋለሁ። ጋሼን "ተሳስተዋል" ማለት ከየት ይመጣል? አንገቴን አስግጌ ያየሁትን ሁሉ ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ለማላውቀው ሰው መንገር ቀለለኝ። ደግሞ እንደገና ይፈተናሉ ብዬ አላሰብኩም። ማን ደፍሮ እርስዎን ይፈትናል?

ከዚህ ሥራ ወደ ሌላ ክፍል እንዲያዛውሩኝ ጠየቅሁ። "እንዳንቺ የተሳሳተ መልስ የሚጽፍልን የለም" ብለው ከለከሉኝ። ልተወው ብል የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። የጻፍኳቸውን ማውጣት አልችልም፣ ለርስዎም የትኞቹ እንደሆኑ መንገር አልችልም። ይህቺው ወረቀት ራሷ ብትገኝ ሁለታችንንም ታጠፋናለች። አንብበው ይቅደዱልኝ። ከዚህ በላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም ጋሼ። ቢሰድቡኝ ይሻለኛል።

ቀጭኔ

የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለቀጭኔ፤

ጤና ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ከሰው ፊት አያሳጣሽ። ጉልበቴ ትንሽ ተሽሎታል። እትዬሽ ሰላም ብላሻለች፤ ደስታዋ ወሰን የለውም። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

ወረቀትሽን ቀድጄዋለሁ። አልሰድብሽም። ልሰድብሽ ተነስቼ ነበር፣ አፌ ላይ አልመጣልሽም። ላንቺ "አይደለም ጋሼ" ማለትን አላስተማርኩሽማ። አንገት ማስገግ ብቻ ነው ያስተማርኩሽ።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ያውም በሰፊው። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትስቂያለሽ። ጥያቄውን አነባለሁ። ከዚያ ከመልሶቹ መሀል ራሴን እፈልጋለሁ። ሳገኘው "ደህና ዋል" ብዬ እተወውና ከቀሩት እመርጣለሁ። ለመሸምደድ እንኳ ብዙ አልደከምኩም። አንድ ሁለቱ ላይ ልክ የነበርኩ ይመስለኛል፤ እነሱንም ተውኳቸው። ያቺ በር ላይ ያለችው ልጅ ስወጣ "እንኳን ደስ ያለዎት" አለችኝ። ለካ ፈገግ ማለት ትችላለች!

ሥራ አስኪያጁ ሰው ሰብስቦ አስጨበጨበልኝ። እትዬሽ ሰርተፊኬቱን መስተዋት አልብሳ ሳሎን ሰቅላዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ከፊት ለፊቱ ያለችው ወንበር ላይ ካልተቀመጥክ ትለዋለች። ታች ጥግ ላይ በትንሹ የሦስት ዓመት ነው ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና መፈተኔ ነው። ያኔ ሌላ ሰው አስቢ እንዳልልሽ ሌላ ሰው የለሽም።

ፓስዎርዴን መለሱልኝ። ወንበሬንም መለሱልኝ፤ ልጅ እግሩ ከፍ አድርጎት ኖሮ ዝቅ አደረግሁት። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲስተሙ ቆመ። ከየክፍሉ "ሲስተም የለም!" የሚለው ተነሳ። እጄ ወደ ስልኩ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። መጽሐፉ እንደሚለው መጀመሪያ የስህተት መዝገቡን አየሁ፣ ከዚያ አጠፋሁ፣ አስነሳሁ። አንዲት ፊደል አልጠፋችም። አንድም በሽተኛ ከወንበሩ ሳይነሳ ሥራው ቀጠለ። ልጅ እግሩ "ጋሼ፣ እንዲህ ፈጥነው አያውቁም እኮ!" አለኝ። እውነቱን ነው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። የማዋለጃዋ ሲስተር ናት። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንሠራ ድምጿን እንጂ መልኳን በቅጡ አላውቀውም። ደውዬ "የተንጠለጠለ ነገር አላችሁ?" ስላት፣ "አንድ ልጅ ተንጠልጥሏል፣ ይውረድና ትዘጋዋለህ" የምትለኝ እሷ ናት። ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ነው፣ ሁልጊዜም እንስቃለን።

"ጋሼ ምነው? ታመሃል እንዴ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ። ምን ጠፋ?"

"የጠፋስ ነገር የለም። ሳትደውል ተዘጋብን እኮ። ሌላ ሰው መስሎን ደነገጥን።"

ስልኩን ግን አልዘጋችም። ቀልዷን እንድትነግረኝ ጥያቄዬን እየጠበቀች ይሆን አላውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ የተጻፈ የለም። ልጅ እግሩ አጠገቤ ቆሞ ያየኛል።

"አዎ" አልኳት፤ "ሌላ ሰው ነው።" ስልኩንም ዘጋሁት።

አጎትሽ